ከእሷ በቀር ሁሉም የሰማው

ዳንግላ መናኸሪያ ውስጥ ጎህ ሳይቀድ ሰው የሚለየው በድምፁ ነው። ረዳቶቹ «ባሕር ዳር! የሞላ ባሕር ዳር!» ይላሉ፤ ሻይ ሻጯ ከሰሏን ታራግባለች፤ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበው ተሳፋሪ ማን እንደሆነ የሚታወቀው ሲያስል ነው። የዚያን ቀን አክስቴ ከእናቴና ከእኔ መሀል ተቀምጣ ጭኗ ላይ ጥቁር ፌስታል ይዛ ነበር። ፌስታሉ ውስጥ ቡናማ ፖስታ አለ፤ ፖስታው ውስጥ ከጡቷ የተወሰደው ናሙና ውጤት አለ። ውጤቱን እናቴ ታውቃለች፤ እኔ አውቃለሁ፤ ባሏ ያውቃል፤ የንስሐ አባቷ ያውቃሉ፤ ቤቷ አጠገብ ያለው ባለሱቅ ሳይቀር ሰምቷል። የማታውቀው ፖስታውን የያዘችው እሷ ብቻ ናት። ማንበብ አልተማረችም።

መኪናው ሲነሳ «ወረቀቱ ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እጢ ነው ይላል። በመድኃኒት የሚጠፋ።»

«እጢ» የምትለው ቃል ያን ዓመት ብዙ አገለገለችን።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ቤቷ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ብርዱ ከ2,500 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ የሚነሳበት፣ ድንችና ቀርከሃ የሚበቅልበት፣ በየጓሮው ፈረስ የማይጠፋበት ቀበሌ ነው። የእኛን አካባቢ፣ አዊን፣ የማያውቅ አንባቢ ቢያንስ ጥር 23ን ሳያውቅ አይቀርም፤ የአገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ያጌጡ ፈረሶቻቸውን የሚያሰልፉበት ቀን ነው። እሷ ግን ዝግጅቱን የምታየው ከሩቅ ነበር፤ «ሴቷ ለፈረሰኛው ጠላ ስትጠምቅ ነው የምትውለው» ትላለች። ወደ ሕክምና ስትሄድ ዳንግላ እኛ ቤት ታድራለች። ከእንጅባራ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከእኛ ቤት 80 ገደማ። በየ21 ቀኑ ኬሞ ለሚወስድ ሰው 40 ኪሎ ሜትር ማለት በአንድ ሌሊት የተሻለ እንቅልፍ ማለት ነው።

ይህን ዘገባ ልጽፍ የተነሣሁት ስለ መድኃኒቱ አይደለም። በሽታው በያዛት ሴት ዙሪያ ስለሚሰበሰበው ሰው ነው፤ ስለ ባል፣ ስለ እህት፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ እድርተኛ። ሰው በዙሪያዋ ሞልቶ ሰው ስለምታጣ ሴት ነው። ከደባቂዎቹ አንዱ ስለነበርሁ ከራሴ ቤት እጀምራለሁ።

ባሕር ዳር የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነበር፤ ደጁ ላይ ወረፋው ተሰልፎ ይጠብቀዋል። ውጤቱን ሲያይ ቀና ብሎ «ቤተሰብ ማነው?» አለና እናቴንና እኔን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። አክስቴ በተከፈተው በር በኩል ስታየን ትታየኛለች። «እሷ ትወቅ ወይ?» አለ። እናቴ «ኧረ በማርያም! ተስፋ ትቆርጥብናለች» አለች። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። የአንድን ሰው ሕይወት የሚመለከት ጉዳይ እንዲህ በሦስት ሰው፣ በቁም፣ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ተወሰነ።

ተመልሰን ስንገባ ሌላ ነገር ታከለበት። አክስቴ በቤቷ የምታወራው በአውኚ ነው። አማርኛ ገበያና ቤተክርስቲያን የምትወጣበት ቋንቋዋ ነው፤ ሐኪም ፊት ሲሆን ይጠፋባታል። ስለዚህ የምታስተረጉምላት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጇ ናት። ሐኪሙ አማርኛውን በሕክምና ቃላት ቀላቅሎ ይናገራል፤ ልጅቷ ትሰማለች፤ ትውጠዋለች፤ ከዚያ በአውኚ አጭር ነገር ትናገራለች። ሐኪሙ አምስት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ የልጅቷ አንድ ሲሆን ጊዜ፣ አራቱ የት እንደ ቀሩ ማንም አልጠየቀም። አስተርጓሚው ልጅ ሲሆን በቋንቋዎቹ መሀል የሚቆመው ፍቅር ነው፤ ፍቅር ደግሞ መጥፎ አስተርጓሚ ነው።

ይህ መደበቅ የእኛ ኋላ ቀርነት ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ1961 በቺካጎ አንድ ሆስፒታል ሐኪሞች ተጠይቀው 90 በመቶዎቹ ለካንሰር ታማሚ የበሽታውን ስም አለመንገር እንደሚመርጡ መልሰው ነበር። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ለአሜሪካ ሐኪሞች ሲቀርብ 97 በመቶዎቹ እንነግራለን አሉ። በ18 ዓመት ውስጥ አንድ ሙያ እንዳለ ዞረ። በመሀሉ መድኃኒቱ ተሻሽሏል፤ ሕጉ ተለውጧል፤ ታማሚዎቹም መጠየቅ ጀምረዋል። እዚያም የደበቀው ክፋት አልነበረም፤ የሚሰጠው ነገር የሌለው ሰው እፍረት ነበር።

የጉዳዩን ስፋት በቁጥር ካየነው፣ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ በዓመት ከ77 ሺህ በላይ ሰው አዲስ በካንሰር እንደሚያዝ ገምቷል። ከእነዚህ ወደ 16 ሺህ የሚሆነው የጡት፣ ከ7 ሺህ በላይ የሚሆነው የማህፀን በር ካንሰር ነው። ሁለቱን ብቻ ስናይ እንኳ ሀገራችን ውስጥ ካንሰር በሴት ላይ የሚበረታ በሽታ ነው ማለት ይቻላል። አብዛኞቹ ሴቶች ሆስፒታል የሚደርሱት ደግሞ በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና በመላ ሀገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ ስለነበር፣ ከአዊ ተነሥቶ 450 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ወረፋ የሚጠብቅ ቤተሰብ ስንት በሬ ሸጦ እንደሄደ መገመት አይከብድም።

የአክስቴ ባል በሬ አልሸጠም፤ ዲከረንሱን ሸጠ። ያልደረሰ ዲከረንስ። በእንጅባራና በፋግታ ለኮማ ዙሪያ ገበሬው ማሳውን በዚህ ዛፍ ሸፍኖ በአራት በአምስት ዓመቱ እየቆረጠ ከሰል ያከስላል፤ ዛፉ የባንክ ደብተሩ ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላውን መሸጥ ማለት በግማሽ ዋጋ መሸጥ ነው። ሸጠ። ከኬሞው ስትመለስ እግሯን ያጥብላት ነበር። እንስራ ተሸክሞ ውኃ ቀዳ፤ በዚያ ቀበሌ ወንድ እንስራ ሲሸከም ማየት ልጆች የሚሳሳቁበት ነገር ነው፤ አላፈረም። ስታስመልስ ሳህኑን የሚይዘው እሱ ነው።

ስታለቅስ ግን ይወጣል።

«ፈረሱን ልየው» ይላል። ወይም «ድንቹ ላይ ከብት ገባ መሰለኝ»። አንድ ማታ ተከትዬው ወጣሁ። ፈረሱ አንገት ላይ ክንዱን ጥሎ ቆሟል። ምንም አላለኝም፤ እኔም ምንም አላልሁትም። ውስጥ እሷ ታለቅሳለች፤ ውጭ እሱ ፈረሱን ይዳብሳል። በመሀላቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ አለ።

ብዙ ቆይቼ ይህን ትዕይንት የሚመስል ነገር ጥናት ውስጥ አገኘሁ። ኒያል ቦልገርና ባልደረቦቹ የጡት ካንሰር ያለባቸውን 102 ሴቶችና የቅርብ ሰዎቻቸውን ተከታትለው ነበር፤ ምርመራው ከታወቀ በአራተኛውና በአሥረኛው ወር ላይ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ታተመ። ሴቲቱ አካሏ ሲደክም የቅርብ ሰዎቿ እርዳታ ይጨምራል፤ መንፈሷ ሲጨነቅ ግን እርዳታው ይቀንሳል። በጣም የምትፈልጋቸው ሰዓት የሚርቁበት ሰዓት ነው ማለት ነው። ይባስ ብሎ፣ የተሰጣትም እርዳታ ጭንቀቷን ሲያቀልላት አልታየም። ጥናቱ የተሠራው በአሜሪካ ነው፤ ድንችና ፈረስ የለበትም። ግድግዳው ግን ያው ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ውኃ ስትጠማ ማሰሮው ይሞላል፤ ሥራው ያልቃል፤ ያመጣው ሰው ሠራሁ ብሎ ይቀመጣል። እንባ ግን አያልቅም፤ የሚሞላ ማሰሮ የለውም። ባል እንባዋን ሲያይ የሚሰማው «አላዳንኋትም» የሚል ነው። በዚያ ላይ እሱም ፈርቷል፤ እሱን ደግሞ ማንም «አይዞህ» ያለው የለም። ስለዚህ ይወጣል። እሷ የመውጣቱን ትርጉም በራሷ መንገድ ትፈታዋለች፤ «ሰለቸሁት»። በሚቀጥለው ጊዜ እንባዋን ትውጣለች። የተዋጠ እንባ ሌሊት ይመጣል። እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላት፣ ጣሪያ እያዩ ማደር። ይህ ሁሉ ሲጠየቅ በኬሞው ይመካኛል፤ ኬሞም እነዚህኑ ስለሚያደርግ የሚጠራጠር የለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በርካታ ጥናቶችን ያገናዘበ አንድ ትንተና፣ ድባቴ ያለበት ታማሚ የሐኪሙን ትእዛዝ የመተው ዕድሉ ከሌላው ሦስት እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ሐዘን ቀጠሮ ያስቀራል።

ጠያቂው ግን አልቀረም። አዊ ውስጥ የታመመ ሰው ብቻውን አይተኛም፤ ይህን ልክ እንደ መልካም ነገር እናገራለሁ፤ ነውም። ሴቶቹ እንጀራ በሞሰብ፣ ድንች በቁና ይዘው ይመጣሉ። ቡና ይፈላል። «እግዜር ይማርሽ፤ ማርያም በምልጃዋ ታንሣሽ» ይባላል። ከዚያ ዝም ይባላል። ከዚያ አንዷ የማታስተውል «የእገሊትም እህት በዚሁ ነው…» ብላ ትጀምርና ሌላዋ በክርኗ ትነካታለች። ሲወጡ በሩ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ነቀርሳ ነው አሉ» ይላሉ። አክስቴ ጆሮዋ ጤነኛ ነበር።

«ነቀርሳ» ደግሞ ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሲባል የሚተላለፈው ቲቢ ነው፤ ነቀርሳ ብቻ ሲባል ካንሰር ነው። ከዚህ የቃል መደራረብ የሚመጣ ጣጣ አለ፤ ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሆኖም አንዲት ጎረቤት አክስቴ የጠጣችበትን ስኒ ለይታ ስታስቀምጥ አይቻለሁ። አክስቴም አይታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና «ሆዴን ነፋኝ» ብላ ተወች። ቡና መተው ለአንዲት የገጠር ሴት ከጉባኤ መውጣት ነው።

የአንዳንዷ ሴት ባል ግን ፈረሱ ጋ ወጥቶ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ከባድ ሕመም ያለባቸውን 515 ታማሚዎች ተከትሎ ነበር፤ አብዛኛው የካንሰር ታማሚ። የታመመው ባል ሲሆን ትዳሩ የፈረሰው 2.9 በመቶ ብቻ ነው፤ የታመመችው ሚስት ስትሆን 20.8 በመቶ። ወደ ሰባት እጥፍ። ይህን ቁጥር ወስጄ አዊ ላይ ልለጥፈው አልፈልግም፤ እዚህ ፍቺ ሁልጊዜ ወረቀት የለውም። «እናቷ ቤት ሄዳ ትታከም» ይባላል። ሄደች ይባላል። ሳይፋቱ ይቀራሉ።

በተለይ የማህፀን በር ካንሰር ሲሆን ነገሩ ወደ ክስ ይዞራል። ፈሳሹ ይሸታል፤ ግንኙነት ያማል፤ ደም ይመጣል። ከዚያ ጤና ጣቢያ ላይ «በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው» የሚለው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ቤት ይገባል። ባል «ከማን አመጣሽው?» ይላል። ሌላው ግማሽ ቤት አይገባም። የማህፀን በር ካንሰር ከ95 በመቶ በላይ የሚመጣው ሂውማን ፓፒሎማ በተባለው ቫይረስ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ቫይረሱ እጅግ የተለመደ ስለሆነ በሕይወት ዘመኑ ያላገኘው አዋቂ ማግኘት ይከብዳል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። ሳይጠፋ የቀረው ወደ ካንሰር እስኪለወጥ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ገና ልጅ ሳለች በተዳረችና ከባሏ ሌላ ወንድ በማታውቅ ሴት ላይ ይህ ጥያቄ ሲነሣ፣ ጥያቄው የዞረው በተሳሳተ ሰው ላይ ነው። በቤት ውስጥ ከሁሉ የከፋው ጭንቀት ይህ ይመስለኛል፤ በሽታውም ነውሩም በአንድ ሰው ላይ ይወድቃሉ። ከ2018 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባት አንድ ቀን ይህን ክስ ከነምንጩ ያደርቀዋል። ለእናቶቻቸው ግን አልደረሰም።

የጡት ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። አማርኛ ውስጥ ጡት አካል ብቻ አይደለም፤ ዝምድና ነው። የጡት ልጅ እንላለን፤ የጡት አባት እንላለን፤ ደም ያላገናኘውን ሰው በጡት እናዛምዳለን። ጡቷ የተቆረጠባት ሴት ያጣችው ምን እንደሆነ ባሕሉ አስቀድሞ ነግሯታል። አክስቴ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነጠላዋን በቀኝ በኩል አጠፋችው፤ ሌሊትም አታወልቀውም ነበር። ባሏ ሊያያት አልጠየቀም። ላለማስጨነቅ ብሎ ነው። እሷ አስጠልቼው ነው ብላለች።

ይህን ሁሉ ለማን ተናገረች? ለእኛ አይደለም። በአራተኛው ኬሞ ጊዜ አጠገቧ ያለው አልጋ ላይ ከቻግኒ የመጣች ሴት ተኝታ ነበር። አውኚ ተናጋሪ። ስትስቅ ክፍሉ ሁሉ የሚሰማት። እኔ ምሳ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ሁለቱ ሻሻቸውን አውልቀው፣ ፀጉር የሌለው ራሳቸውን እያሳዩ ይሳሳቃሉ። አክስቴ ስትስቅ ካየኋት አምስት ወር ሆኖኝ ነበር። ምን እንዳወሩ አልገባኝም፤ አውኚዬ ለሰላምታ ብቻ ነው። ከቃላቱ መሀል ግን አንድ የማውቀው ቃል ሰማሁ። «ካንሰር»። በአውኚው መሀል እንዳለ የገባ ቃል። የቻግኒዋ ሴት ነበረች ያለችው፤ እየሳቀች።

አክስቴ ለእኛ ምንም አላለችም። በሚቀጥለው ጉዞ «እጢው እንዴት ሆነ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «እየጠፋ ነው» አልኋት።

ውጤቱ ከታወቀ ከሰባት ወር በኋላ ነው ነገሩ የወጣው። ልጅቷ የ12ኛ ክፍል ፈተናዋን ጨርሳ በመጣች ማግስት አክስቴ ጠርታ «አሁን ልንገርሽ፤ የያዘኝ ካንሰር ነው፤ ፈተናሽን እንዳትተይብኝ ብዬ ነው የደበቅሁሽ» አለቻት። ልጅቷ ደግሞ ይህንኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለእናቷ ስታስተረጉም ስትደብቅ የቆየች ናት። ሁለቱ በአንድ ቤት፣ በአንድ አልጋ እያደሩ አንዱን ምሥጢር አንዷ ከሌላዋ ሰባት ወር ሸሸጉ። የሥነ ልቡና ሰዎች ለዚህ ስም አውጥተውለታል፤ ለመጠበቅ ብሎ መከለል ይሉታል። የሚወዱትን ሰው ከሥጋት ለመከለል ራስን ማፈን። ጥናቶቻቸው ደጋግመው የሚያሳዩት የሚከልለውም የሚከለለውም ሲጎዳ ነው። ልጅቷ ግን ጥናት አላስፈለጋትም። «ያን ሁሉ ሌሊት አብረን ማልቀስ እንችል ነበር» አለችኝ።

ከዚህ ተነሥቶ ዘመድ ይጎዳል የሚል ካለ ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አንድ ጥናት የጡት ካንሰር የያዛቸውን 2,835 የአሜሪካ ነርሶች ተከታትሎ፣ ከመታመማቸው በፊት ብቸኛ የነበሩት በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ሰው ከነበራቸው እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ከ730 ሺህ በላይ ታማሚዎችን ያካተተ ትንተና፣ ባለትዳሮች ካልተጋቡት ይልቅ ቶሎ እንደሚመረመሩ፣ ተገቢውን ሕክምናም ይበልጥ እንደሚያገኙ፣ ረዘም ብለውም እንደሚኖሩ አሳይቷል። የሚያስቀጥር፣ መኪና ላይ የሚያሳፍር፣ «ተነሽ፣ ዛሬ ቀኑ ነው» የሚል ሰው ያድናል። የአክስቴን ኬሞ ያስጨረሳት ያ ያልደረሰ ዲከረንስ ነው፤ ይህን ማንም አይወስድበትም። የጎደላት አንድ ነገር ነው፤ ቃሉን የምትናገርበት ሰው። ያን ከቻግኒ አገኘችው።

በዘመነኛው ሕክምና ውስጥ ለዚህ ጉድለት ትኩረት የሰጡት ጂሚ ሆላንድ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም ናቸው፤ ባለቤታቸው ራሳቸው የካንሰር ሐኪም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1977 ኒው ዮርክ በሚገኘው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል ውስጥ የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት መሠረቱ። በኋላ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የሠሩት መሣሪያ ቴርሞሜትር ይባላል፤ ግን ብርጭቆም ሜርኩሪም የለውም። በወረቀት ላይ የተሣለ፣ ከ0 እስከ 10 የተቆጠረ ምስል ነው። «ባለፈው ሳምንት ምን ያህል ተጨነቅሽ?» ይባላል፤ ታማሚዋ ቁጥር ትነካለች። 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፦ ከልጆች ጋር ነው? ከባል ጋር? ከገንዘብ? ከእምነት? ቃሉንም ሆን ብለው ነው የመረጡት፤ «የአእምሮ ሕመም» ቢባል ሰው ይሸሻል፤ «ጭንቀት» ሲባል ማንም ያወራል። አማርኛችን ለዚህ ደህና ነው፤ «ሐሳብ በዛብኝ» ለማለት ማንም አያፍርም።

አክስቴ የሞተችው መንገድ በተዘጋበት ሳምንት ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን አይታወቅም፤ እናቴ ዳንግላ፣ እህቷ እንጅባራ፣ በመሀል 40 ኪሎ ሜትር። ወሬው በስልክ ለእኔ ደረሰ። ለእናቴ እኔ አልነገርኋትም፤ ደንቡ አይደለም። ለሽማግሌ ነገርሁ።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ስድስት ሰዎች በሩን አንኳኩ። አራት ወንዶች፣ ሁለት ሴቶች። ሴቶቹ በግራና በቀኝ ተቀመጡ። በሰፊው የሚታወቁት አዛውንት ቶሎ አልተናገሩም። «እህትሽ እንዴት ከረመች? ከሷ ወዲያ ምን ሰማሽ?» አሉ። እናቴ የምታውቀውን ተናገረች፤ እየተናገረችም ራሷ ደረሰችበት። ከዚያ ነው ቃሉ የተነገራት፤ አጭር፣ ያልተሸፋፈነ። ጮኸች። ማንም «ዝም በይ» አላላትም። ሁለቱ ሴቶች ያዟት። ስታርፍ ከመካከላቸው አንዱ ስለ ቀብሩ፣ ስለ መንገዱ፣ ድንኳኑን ማን እንደሚያቆም ተናገሩ።

በውጭ ሀገር የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለካንሰር ታማሚ ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚነገር የሚያስተምሩበት ዘዴ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ዋልተር ቤይልና ሮበርት ባክማን ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት። ስድስት ደረጃ አለው። ቦታውን አመቻች፤ ሰውየው የሚያውቀውን ጠይቅ፤ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቅ፤ ከዚያ በግልጽ ቃል ንገር፤ ሐዘኑን ተቀበል፤ ቀጥሎ የሚደረገውን አብራችሁ ወስኑ። ሳነበው የእናቴ መርዶ ነው ትዝ ያለኝ። ከሦስተኛው በቀር አንድም ደረጃ አልዘለሉም፤ ማንም ኮርስ አልሰጣቸውም። ይህ ጥበብ አለን። የምናውለው ግን ለቀሪው ብቻ ነው። ለታማሚዋ ኮሪደርና ሁለት ደቂቃ ይበቃታል ብለን ነበር።

ከመርዶ የምንወስደው ብዙ ነው። ነጋሪው ባል ወይም ልጅ አይደለም፤ ፈሪ ስለሆኑ ነው። ለታማሚዋ ነጋሪው የንስሐ አባት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቤቱ የተከፈተላቸው፣ ምሥጢር መጠበቅ ሥራቸው የሆነ ሰው ናቸው፤ ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱም ከሐኪሙ ይልቅ የሳቸው ቃል ይሰማል። ቤተክርስቲያን በኤችአይቪ ጊዜ ይህን መንገድ አሳይታለች። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ አውኚም ያውቃሉ፤ ከልጅቷ የተሻሉ አስተርጓሚዎች ናቸው። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም አያቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡ፤ «ሐሳብ የበዛበት» ሰው ከእነሱ ጋር ያወራል። በ573 ሰዎች ላይ ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ውጤት የድባቴ ምልክቶች በግልጽ መቀነሳቸውን አሳየ። አያት በአዊ አልጠፋም፤ አግዳሚ ወንበርም ከቀርከሃ ይሠራል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የሚጠቀስ አለ። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው የአራት ዓመት ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር አጥተው እ.ኤ.አ. በ2004 በስሙ የካንሰር ሶሳይቲ መሥርተዋል፤ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ታማሚዎች የሚያርፉበት ቤትም ይህ ማኅበር ከሚሠራቸው ነው። በዚያ ዓይነት ቤት ውስጥ ዋናው ነገር አልጋው እንዳይመስለን፤ አጠገብ ያለው አልጋ ነው። አንዷ ለሌላዋ የቻግኒዋን ሴት ትሆናታለች። ባሕር ዳር ላይ ለአዊ ሴቶች እንዲህ ያለ ማረፊያ ማቆም የእድሮቻችን አቅም የሚፈቅደው ይመስለኛል፤ እድር ለሬሳ ሳጥንና ለድንኳን ያወጣል፣ ለመኝታም ማውጣት ይችላል።

ነገ ጎህ ሳይቀድ ከቻግኒ፣ ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ መናኸሪያ ፖስታ የያዘች እናትህን፣ እህትህን፣ ሚስትህን ይዘህ የምትሳፈር አንባቢ፦ ረዳቱ ከመጣራቱ በፊት «ምን ያህሉን ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» ብለህ ጠይቃት። በአውኚ የምታወራ ከሆነ በአውኚ ጠይቃት። ስታለቅስ ፈረሱ ይቆይህ።